ክብ መብራት

የሞተር ሳይክሌ ሊብሬ ወደ ስሜ ከዞረ ነገ ሦስት ወር ይሞላል። እስካሁን ስለ እሷ አንድ መስመር አለመጻፌ ለራሴም ገርሞኛል፤ ከመግዛቴ በፊት ለዓመታት በየደብተሬ ጠርዝ ስሥላት የኖርኩ ሰው ነኝና። ክብ መብራት፣ ከፊት ሰፋ ብሎ ወደ ኮርቻው የሚሾል የቤንዚን ጋን፣ ጠፍጣፋ ረጅም ኮርቻ፣ የሚያብለጨልጭ ማርሚታ። የፈተና ወረቀት ሳርም ሲታክተኝ፣ የመምህራን ስብሰባ ሲረዝም፣ እጄ ሳላዘው የሚሥለው ይህንኑ ነበር። አሁን እውነተኛዋ በረንዳ ላይ ቆማለች። ሥዕሉን ትቻለሁ፤ በምትኩ ጥፍሬ ሥር የማይወጣ ጥቁር ዘይት አለ።

በሽታው የጀመረኝ በ1982 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እማዬ ከግቢያችን አንዷን ክፍል ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ አከራይታ ነበር። ጸጥ ያለ፣ ሹራቡን ሱሪው ውስጥ የሚከት፣ ሰላምታ እንኳ የሚቆጥብ ሰው ነው። ግን ቀይ ሆንዳ ነበረችው፤ ሲጂ 125። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ያጥባታል። እኔ በጣሳ ውሃ አፈስሳለሁ፣ እሱ በጨርቅ ይወለውላል። ከዚህ ያለፈ ድርሻ አልነበረኝም። አንድ ቀን ዞር ሲልልኝ ኮርቻዋን በመዳፌ ዳሰስ ባደርግ «አትንካ!» ብሎ የጮኸብኝ ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለዓመታት ቂም ይዤበት ኖሬያለሁ። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ክረምት ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ሞተሯ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የቀረውን የዘይት እድፍ እማዬ በአመድ ብትፈትገው አልለቀቀም። እኔንም አልለቀቀኝም።

ገንዘብ ሁለት ጊዜ አጠራቅሜ ሁለት ጊዜ በትኛለሁ። የመጀመሪያው የቤታችን ጣሪያ ሆነ፤ እሱን አልቆጭበትም፣ የደሴ ክረምት የሚያፈስ ጣሪያ አይወድም። ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ፣ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ነው። ልጆቹን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ ለመኪና፣ ለቤት ኪራይ፣ ለዱቄት ሆኖ አለቀ። በኅዳር ማብቂያ ተመልሰን የተገነጠለውን በራችንን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እንኳንም አልገዛኋት» የሚል ነበር። ያን ለት ጥያት እሄድ ነበር። ገንዘቡ ግን ቢያንስ ልጆቼን አብልቶ ነው ያለቀው።

ባለቤቴ ይህን ምኞቴን የሰማችው በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። «እኔን ለማግባት ስንት ጊዜ ጠበቅህ?» አለችኝ። ስምንት ወር ነበር። ዝም አልኩ።

ወጣት ባልደረቦቼ በዚህ ዋጋ ቦክሰር የሚባለው ሞተር አይሻልህም ወይ ይሉኝ ነበር። በቁልፍ የምትነሣ፣ ቤንዚን የማትበላ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የተሰቀለ። ትክክል ናቸው፣ በአንዱም አልከራከራቸውም። ግን በ35 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቦክሰር ሥዬ አላውቅም።

ወሬዋን ያመጣልኝ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም ሄዶ የነበረ ጓደኛዬ ነው። አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ ለብሳ ቆማ አገኘኋት። ጆንያው ሲነሣ ከሥሯ ሁለት ዶሮዎች እየጮሁ ወጡ። ቀይ ነበረች፤ ማለቴ ጭቃው ሲፋቅ ቀይ ነበረች። መብራቷ አንድ በኩል ተሰንጥቋል፣ ፓራፋንጎዋ ዝጓል፣ ማርሚታዋ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ሽማግሌው «ትነሣለች» ብለውኝ በእግራቸው ቢረግጡ ቢረግጡ አልተነሣችም። እኔ ግን ልቤ ተነሥቶ ነበርና ክርክሩን ከመጀመሬ በፊት ተሸንፌያለሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ደብተር አንዳንዴ ታየዋለች። ሽማግሌው ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ወደ ጆንያው ጎንበስ አሉና ሁለት እንቁላል አንሥተው «ይህ የእኔ ነው» አሉኝ። በአይሱዙ፣ በሽንኩርት ማዳበሪያዎች መካከል ታስራ ደሴ ገባች።

የስም ዝውውሩን አጥሬ ልለፈው። ሻንሲዋ ላይ የተመታው ቁጥር ዝገት በልቶት አንዱ አኃዝ 3 ይሁን 8 መለየት አልተቻለም፤ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ አመላለሰኝ። በአራተኛው ቀን የነበረችው ሠራተኛ ቀለል አድርጋ በአሸዋ ወረቀት ፈተግ አስደረገችው። 8 ነበር።

ሞተሯን የሠሩልኝ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ያሉ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አያ» ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። ጋራዣቸው አንድ በር ያላት ቆርቆሮ ቤት ናት። እዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ ስሰማ የሚናገሩት ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። ሊብሬውም፣ ቦሎውም፣ ታርጋውም ከዚያው ነው የመጣው። ሰዎቹ አምስት ዓመት ገዝተውን ሄዱ፤ ከመካኒኮቻችን አፍ ግን እስካሁን አልወጡም። ለአያ ይህን ብነግራቸው «እና በአማርኛ ካንዴላ ምን ልበላት?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

እሳቸው ሞተሯን ከፍተው አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ «ሞኝ ናት፣ አብሽር» አሉኝ። ስድብ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምስጋና ነው። ሆንዳ ይህችን ዓይነት፣ ሲጂ 125ን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ ያሰበው ዘይት በጊዜው የማይቀይረውን፣ ካቴና የማይቀባውን፣ ከአቅም በላይ የሚጭነውን የድሃ አገር ባለቤት ነው። ስለዚህ ቫልቮቹን፣ ማለትም የአየርና የጭስ በሮቿን፣ የሚያዘው ካም የሚባለው ክፍል ከአናቷ ላይ አልተቀመጠም፤ ታች ሆኖ በሁለት ዘንጎች ሽቅብ እየገፋ ነው የሚከፍታቸው። አሠራሩ ያኔም አሮጌ ነበር፤ ግን ቸልተኛን ይታገሣል። ካቴናዋም አቧራ እንዳያገኛት ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ተሸፍናለች። ቻይናዎች ይህን ሞተር እየቀዱ በብዛት ስለሠሩት ዛሬ ዕቃ በሚጭኑት ባለ ሦስት ጎማዎች ውስጥ ሳይቀር ዘመዶቹ አሉ፤ ጎሚኒውንም፣ የፍሪሲዮን ሸራውንም ፒያሳ ካሉ ሱቆች ያገኘሁት ለዚህ ነው። የምወዳት ለመልኳ ነበር። ሞኝነቷን የወደድኩት ካንዴላዋን በገዛ እጄ ስፈታ ነው።

ስለ ካንዴላዋ፣ ቤንዚኑን በእሳት ፍንጣሪ ስለምታቀጣጥለው ዕቃ፣ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር እንደሚቀንስ 23 ዓመት ሙሉ በጠመኔ ጽፌያለሁ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ተማሪዎቼ ይህን ጽፈው፣ ተፈትነው፣ ረስተው ሄደዋል። እኔም ልክ እንደ እነሱ የማውቀው በጠመኔ ነበር። ሞተሯ በተነሣች በመጀመሪያው ሳምንት ግን ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው አቀበት ላይ እየተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች አስቸገረችኝ። አያ ካንዴላዋን ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁራለች። ቤንዚን የምትለካው የነሐስ ቀዳዳ የተበሳችው ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ቤንዚኑ ያው ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ ያልተቃጠለው ትርፍ ጥላሸት ይሆናል። መዳፌ ላይ የነበረው ያ የጠፋው ሩብ አየር ነው። ቆሜ ሳየው አያ «ምን ሆንክ? ካንዴላ እኮ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ካንዴላዋን በወረቀት ጠቅልዬ ዐሥረኛ ክፍል ገባሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ተነሥተው ሊያዩ መጡ። አንዱ «መምህር፣ ታዲያ ኮምቦልቻ ብትወስዷት ትነጣለች?» አለኝ። በ23 ዓመት የተጠየቅኩት ምርጥ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

ትነጣለች። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። እማዬን ለመጠየቅ ወርጄ እዚያው ፈትቼ አየኋት፤ ቡናማ መልክ ይዛለች። አያ በካርቡራተሯ ውስጥ ያለችውን ቀጭን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አድርገው ሲያስሯት እንዲህ አሉኝ፦ «ለደሴ ብቻ ብሠራልህ ኮምቦልቻ ትግላለች፤ ለኮምቦልቻ ብቻ ብሠራልህ እዚህ ታፍናለች። መካከል ላይ አድርጌልሃለሁ። ደሴም ኮምቦልቻም ትንሽ ታማርራለች፤ ሐረጎ ላይ ጤነኛ ናት።» እውነታቸውን ነው። ድምፅዋ ሙሉ የሚሆነው በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች።

ያለፈው ቅዳሜም ወረድኩ። ጠዋት ደሴን ለቅቄ ስወጣ ብርዱ በሹራብም በጃኬትም አልፎ ይገባል፤ ሁለት ጋዜጣ ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምወጣው። ሐረጎ ጉም ለብሳ ነበር። የእኔዋ መብራት ባለ 6 ቮልት ነው፤ ያ የምወደው ክብ መብራት ከሻማ ብዙም አይበልጥም። ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው የማበራው። ተሳቢ የሚጎትቱት ከባድ መኪናዎች ከጉሙ ውስጥ እንደ ቤት ብቅ ይላሉ። ፍሬኗም ቢሆን በድሮው ሥሪት ከጎማው እምብርት ውስጥ የተደበቀ ሸራ ነው፤ ቁልቁለቱን ሁሉ በእሱ ልያዝ ቢሉ ይግልና ይከዳል። ስለዚህ ማርሹን ቀንሼ፣ ሞተሯ ራሷ እንድትይዘኝ እተዋታለሁ። ስታወርደኝ የምታሰማው ጉርምርምታ አለ፤ እንደ አረጋዊት ሴት ማጉረምረም። ከመታጠፊያው ወዲያ ጉሙ ሲገለጥ፣ ባሕር ዛፉ ሲሸት፣ የቦርከና ሸለቆ ከታች ሲዘረጋ፣ አየሩ በየኪሎ ሜትሩ ሲሞቅ ፊቴ ላይ ይታወቀኛል። ጋዜጦቹን አውጥቼ ጣልኳቸው። በአውቶቡስ ይህን መንገድ ስንት መቶ ጊዜ ተመላልሼ ሙቀቱ መቼ እንደሚለወጥ አላውቅም ነበር።

እማዬ በሩ ላይ ነበረች። ሞተሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤ የሄድኩ ለት ዙሪያዋን ዞራ አይታ፣ ቂጧን በምርኩዟ ነካ አድርጋ «ጎማዋ ሁለት ብቻ ነው?» ነበር ያለችኝ። «አዎ እማዬ።» «በዚህ ሁሉ ብር? ባጃጅ እንኳ ሦስት አለው።» ተከራያችንን ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። ታስታውሰዋለች። የአንድ ወር ኪራይ ሳይከፍል ነው አሉ የሄደው። 35 ዓመት ሙሉ ይህን ነግራኝ አታውቅም! ቅዳሜ ደግሞ እስከ በረካ ድረስ ቡናዋን ጠጥቼ ስነሣ፣ አንድ ቁና ጤፍ በማዳበሪያ አድርጋ አቀረበችና የት እንደምጭነው ተመለከተች። ኮርቻው ላይ አስሬ መጣሁ። የድሃ አገር ባለቤት ይጭናል ብለው የሠሯት ሰዎች አልተሳሳቱም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሐረጎን ጭቃ ላጥብላት በረንዳ ላይ ሳወጣት የጎረቤታችን ልጅ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዞር ስል እጇን ኮርቻው ላይ አሳርፋለች።

«አትንኪ!»

ድምፄ ግቢውን ሞላው። ቃሉም፣ ቁጣውም የእሱ ነበር፤ ሹራቤን ሱሪዬ ውስጥ አልከተትኩም እንጂ። ልጅቱ ግን እንደ እኔ አልተሸማቀቀችም። እጇን በእርጋታ አንሥታ «ጋሼ፣ ታዲያ ውሃውን ማን ያፈስልዎታል?» አለችኝ። ጆጉን ሰጠኋት። መጀመሪያ በልክ አፈሰሰች፤ ከዚያ ትዕግሥቷ አለቀና የቀረውን በሙሉ ከጋኗ ሥር፣ ካንዴላዋ ላይ ደፋችው። ሰውየው ለምን ጣሳ ብቻ ይሰጠኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሃያ ጊዜ ያህል ረገጥኳት። ባለቤቴ ከመስኮቱ ሆና ቆጠረች። አልተነሣችም። ጠመኔዬንና መጽሐፌን ይዤ መንገድ ዳር ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ልጅቱ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ጠጋ አለችልኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሯ ታመመች?»

«ውሃ ጠጥታ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «በሚቀጥለው እሑድ ቀስ ብዬ ነው የማፈሰው» አለችኝ።