ሠላሳ አራት ልጅና አንድ ሃይላንድ ጤዛ

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ጓሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ዕቅዱ ላይ እንደዚያ ነው ያለው። የተነሣነው ግን 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የፈቃድ ደብዳቤያችን ማኅተም ደብዝዞ ኖሯል። ቢሮ እስኪከፈት ጠብቀን፣ እንደገና አስመትተን፣ ሃያ ሁለት ልጅ ቅጥቅጥ ላይ ጭነን ወጣን።

ሥራዬ ልጆችን ከክፍል አውጥቶ ሜዳ ላይ የሚያስተምር ፕሮግራም ማስተባበር ነው። ሲጠራ ደስ ይላል። ውስጡ ግን የወላጅ ፊርማ፣ ዳቦ፣ ሶፍትና ለሚያስመልሰው ልጅ የሚሆን ፌስታል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆጠራ ነው። ስንሣፈር እቆጥራለሁ። ስንወርድ እቆጥራለሁ። አንዱ ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስም እቆጥራለሁ።

ጣርማበር ስንደርስ ልጆቹ አኮረፉ። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አቋርጠን የምንሄድ መስሏቸው ነበር። ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ግን ዋሻው ሳይደረስ ወደ ግራ ይታጠፋል። በመዘዞ በኩል እየተጠማዘዝን ወጣን። አምስት ልጅ አስመለሰው። ፌስታሉ በቃን።

ጓሳ ስንደርስ ነፋሱ በር ከፍቶ ተቀበለን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ ከ3,600 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳና ኮረብታ ነው። ዛፍ እምብዛም የለም። ሳር፣ ጨረንፌ የሚሉት ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ የቆመ ጅብራ። የሥልጠና ወረቀታችን «የአፍሮ አልፓይን ሥነ ምኅዳር» ይለዋል። ልጆቹ አንድ ጊዜ አነበቡትና ዳግመኛ አልጠሩትም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን ስንጨርስ ከደጋው በላይ ያለውን አገር ውርጭ እንለው የለ? ጓሳ ውርጭ ነው። ጓሳ የሳሩም ስም ነው፣ የቦታውም።

እዚያ አሥራ ሁለት ልጆች ይጠብቁን ነበር። ከጓሳው ጥግ ካለ ትምህርት ቤት በእግራቸው የመጡ ናቸው። የኛዎቹ ጃኬት በጃኬት ሆነዋል። የነሱ ጫማ ኮንጎ ነው። አንደኛው የአባቱን በርኖስ ደርቧል፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ሠላሳ አራት ሆንን።

እኔም እንደ ወጉ ወረቀት አደልሁ። «ሥዕሉን ከስሙ ጋር አዛምዱ» ይላል። ማብራሪያዬን ሳልጨርስ አንዲት የአካባቢው ልጅ ሞልታ መለሰችልኝ።

«መምህር፣ ይቺ ግን የኛ አይደለችም» አለች፣ ጣቷን ቀይ ቀበሮ ተብሎ የተሣለው ላይ አድርጋ።

«እንዴት?»

«የኛ እግሩ ረጅም ነው። የጭራው ጫፍም ጥቁር ነው። ይሄ ተራ ቀበሮ ነው።»

እውነቷን ነው። ሠዓሊው የሆነ ቀበሮ ሥሎ ቀይ ቀብቶታል። እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት ለሁለት ዓመት ሳባዛው ኖሬያለሁ። ወረቀቱን ሰብስቤ ቦርሳ ውስጥ ከተትሁ። ከዚያ እያንዳንዱን የአካባቢ ልጅ ከአንድ ወይም ከሁለት የከተማ ልጅ ጋር አጣመርሁ። ከዚያ ወዲያ ያስተማርሁት ነገር ትንሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ የምሥራቁ አፋፍ ላይ ወጣን። ከእግራችን ሥር ገደሉ ወደ ኤፍራታና ግድም ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው በጭጋግ ውስጥ ጠፍቷል። የማኅበረሰቡ ስካውት፣ ጠመንጃ ሳይሆን ዱላ የያዘ ዝምተኛ ጠባቂ፣ «ከጓሳ 26 ወንዝ ይነሣል» አለ። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው በጀማ አድርጎ አባይ ይገባል፤ በምሥራቅ የሚወርደው አዋሽን ይቀላቀላል። ይሄኔ ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጫፉ ላይ ሆኜ ሽንቴን ብሸና የት ይሄዳል?»

ሳቁ ሲበርድ ጥያቄውን በቁም ነገር ያዝነው። በዚህ ብትሸና ግብፅ። በዚያ ብትሸና አፋር፣ ምክንያቱም አዋሽ ባሕር ሳይደርስ እዚያው በረሃ ውስጥ ይቀራል። ስለ ተፋሰስ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። ለሪፖርት ግን አይሆንም።

ማታ አንድ አዛውንት መጡልን። ቁጭ እንዳሉ ከጉያቸው አንድ እጅ ጓሳ አወጡና ጭናቸው ላይ እያሹ ገመድ መግመድ ጀመሩ። ሳሩ ቀጭን ነው፣ እንደ ሽቦ ይጠነክራል። ሁለቱን ዘለላ ወደ አንድ ጎን ያሻሉ፤ መልሰው ይለቁታል፤ ራሱ ይጠማዘዛል። አንዱ ልጅ ሞክሮ እንደያዘው ተፈታበት። «ትራሰው እንጂ ልጄ፣ ደረቅ ሳር አይታዘዝም» አሉት፣ እፍኛቸውን ውኃ ነክረው።

እየገመዱ ጓሳው በጋራ ስለሚጠበቅበት የአባቶች ሥርዓት፣ ስለ ቀሮ ነገሩን። በ17ኛው መቶ ዓመት እንደተጀመረ ይነገራል። አቅኚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ ወረዳው እስከ ዛሬ መንዝ ጌራ ምድር ነው የሚባለው። ሕዝቡ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አባ ቀራው ጓሳውን ይዘጋዋል። ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት ዓመት፣ ሳሩ እስኪደርስ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሲከፈት ሁሉም በአንድነት ይገባል፤ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዳል። ከዚያ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣ። አባ ቀራው ሥልጣኑን አጣ። የሁሉ የነበረው የማንም ሆነና ሁሉም ገባበት። የዛሬው የማኅበረሰብ ጥበቃ ከዚያ በኋላ፣ በስንት ስብሰባ፣ በኮሚቴና በስካውት እንደገና የቆመ ነው።

«ሌሊት ሰርቆ ያጨደ ሰውስ በምን ይታወቃል አባባ?» አለ የበርኖሱ ልጅ።

«ጣሪያው ያወጣዋላ! አዲስ ሳር ቀለሙ ሌላ ነው።»

«አሁን እኮ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው።»

አዛውንቱ ገመዳቸውን አዩና «እሱስ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

የተኛነው አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን ነው። ከአካባቢው እናቶች የተከራየነው ዝተት ባይኖር ምን ይውጠን ነበር! የመንዝ በግ ፀጉር ከባድ ነው፣ ሲገላበጡበት ይወጋል፣ ግን ያሞቃል። ያመጣናቸው ስሊፒንግ ባጎች እዚያ ፊት የልጅ ጨዋታ ናቸው። ራሴን ሲወቅረኝ አደረ፤ ከፍታው ነው።

ጠዋት ስንወጣ ሜዳው ነጭ ሆኖ ጠበቀን። አመዳይ። ኅዳር መሆኑ ነው። አንዷ የከተማ ልጅ ሳሩን ነክታ ጣቷን እንደተቃጠለ ሰው ስባ መለሰች። ፀሐይ እስክትወጣ ቆመን ጠበቅን። ብርሃኑ ቁጥቋጦውን በነካ በደቂቃዎች ውስጥ ነጩ ሁሉ ወደ ጠብታ ተለወጠ። ያኔ ፎጣ አወጣን። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ፎጣውን ሳሩ ላይ ታሻለህ፣ ሃይላንድ አፍ ላይ ትጨምቃለህ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ሞላች ለማለት ጥቂት ቀራት። ውኃው ሳር ሳር ይሸታል፣ ትንሽ ጦስኝም አለበት። ሥሩን ቆፍረን አፈሩን አየን። ጥቁር ነው፣ ሲጨብጡት ይረጥባል። ሳሩ ከገደሉ ሥር የሚወጣውን ጭጋግ ይይዘዋል፣ አፈሩ ይጠጣዋል፣ በበጋው ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቀዋል። ሃይላንዷ ላይ በማርከር «የጓሳ ውኃ» ብለው ጻፉባት። የያዛት የሽንቱ ጠያቂ ነው።

ከዚያ ጉድ መጣ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ይግጣሉ። በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጃቸው ሳር እየነጩ። ልጆቹ በቡድን በቡድን ሆነው ራቅ ብለው ያያሉ። ጭጋጉ ከገደሉ ተነሥቶ በአንዴ ሸፈነን። ፊሽካ ነፋሁ፤ ሦስት ጊዜ ከተነፋ ሁሉም ተመልሶ ይቆጠራል። ቆጠርሁ። ሠላሳ ሁለት። እንደገና ቆጠርሁ። ሠላሳ ሁለት። ልቤ ስንጥቅ አለ። ገደሉ እዚያው ነው። እንደገና ነፋሁ፣ መልስ የለም።

ስካውቱ ግን አልተጣደፈም። በዱላው ወደ አንድ የሳር ጉብታ ጠቆመኝ። ሁለቱ በደረታቸው ተኝተዋል። አንዱ የከተማ ልጅ፣ አንዷ ያቺ ሥዕሌን ያረመችው። ሃምሳ ሜትር አይርቁም። ልጮህ አፌን ስከፍት ልጅቷ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ መሬቱን መታ መታ አደረገች። ቁጭ በሉ ማለቷ ነው። ቁጭ አልሁ።

ቀይ ቀበሮው ከዝንጀሮዎቹ መሐል ነበር። ጆሮውን አቁሞ፣ አንድ እግሩን ከመሬት አንሥቶ፣ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጧል። አጠገቡ ያለችው ጭላዳ ግልገሏን አዝላ መጋጧን አላቆመችም። እሱም ዘወር ብሎ አላያትም። ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ይሄንን ተከታትለው ቆጥረውታል። ለብቻው ሲያድን ከመቶው ሙከራ 25ቱ ይሳካለታል፣ ከጭላዳ መንጋ መሐል ሲሆን 67ቱ። መንጋው ሲግጥ አይጡን ያስነሣለታል የሚል ግምት አለ። እኛ ያየነው ዘሎ ሳተ። ያም ሆኖ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፣ አንዱ እዚያ ቆሞ ነበር።

ጭጋጉ ሲዘጋው ሁለቱ ተነሡ። ፊታቸው በራ ብሏል።

«ፊሽካውን አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል» አለች ልጅቷ። «ብንመልስ ይሄድብን ነበር።»

ምን ልበላት? ደንቡ ደንብ ነው፣ ፊሽካ ሲነፋ ይመጣል አልኋት። አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው፤ የሚቀጥለው ጭጋግ ውስጥ ቀበሮ ላይኖር ይችላል፣ ገደሉ ግን ይኖራል። ግን ድምፄ እንደፈለግሁት ኮስተር አላለም። እሷም አውቃብኛለች።

ስንለያይ የበርኖሱ ልጅ ቤታቸው ስላለ ውሻ ጠየቀኝ። የውሻ ዕብደት ወደ ቀበሮው እንደሚተላለፍ ስካውቱ ነግሯቸው ነበር። «ክትባቱ የት ነው የሚገኘው?» አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። ከጉዞው ይዤው የተመለስሁት ትልቁ የቤት ሥራ እሱ ነው።

መመለሻ ላይ ሃያ ሁለት ቆጠርሁ፣ ደግሜ ሃያ ሁለት። ነፍሴ መለስ አለች። ግማሾቹ ወዲያው ተኙ። ጣርማበር ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጋለና ሹፌሩ ዳር ያዘ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ። ጋቢና ላይ ያገኛትን ሃይላንድ አንሥቶ፣ ራዲያተሩ ቀዝቀዝ ሲል ክዳኑን ከፍቶ ጨርሶ ገለበጣት።

የሽንቱ ጠያቂ በመስኮት አየው። ጩኸቱ መኪናውን ሙሉ ቀሰቀሰ።

ረዳቱ ባዶዋን ሃይላንድ አገላብጦ ጽሑፉን አነበበና ደነገጠ። «ይቅርታ ማሙሽ፣ ውኃ መስሎኝ እኮ ነው» አለ።

«ውኃማ ነው!» አለ ልጁ እያለቀሰ።