የጉዞ ሞተር ሳይክሌ ላይ ቱርቦ ስገጥም የተማርኩት

ኋላዬ ሰው ጭኜ፣ የጎን ሳጥኖቹ ሞልተው፣ ዳገት ላይ ከባድ መኪና መቅደም። ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ፣ ያስመኘኝ ይኸው ነው። ሞተሬ ሜዳ ላይ ምንም አይጎድለውም። ዳገት ላይ ግን ማርሽ ቀንሼ፣ አስጩኼ ነበር የምቀድመው። ፍጥነት አላማረኝም። የፈለግኩት መካከለኛ ዙር ላይ የሚገኝ ጉልበት ነው።

የመሣሪያውን ምርጫም የወሰነው ይህ ነው። በቺንጋ የሚዞረው ሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀርም አየር ይገፋል፤ ደህና ግፊት የሚሰጠው ግን ሞተሩ ሲጮህ ነው። ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ማንም ሞተሩን ሲያስጮህ አይውልም። ቱርቦ የሚዞረው በጭሱ ኃይል ስለሆነ፣ ትንሽ ከሆነ በዝቅተኛ ዙርም ቶሎ ይነሳል። ትልቁ የሚያጓጓ የፈረስ ጉልበት ያሳያል፤ ግን ነዳጅ ሰጥተህ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ድንገት ይወረወራል። ጭነት ይዞ ኩርባ ላይ ላለ ሰው ይህ አደጋ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሆንዳ ሲኤክስ500 ቱርቦን እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ አቀረበ፤ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪም ተከተሉ። የካዋሳኪ ጂፒዜድ750 ቱርቦ መሐንዲሶች ቱርቦውን ከሞተሩ ፊት፣ ለጭስ መውጫው አስጠግተው አስቀመጡት። ጭሱ ሳይቀዘቅዝ ስለሚደርሰው ቶሎ ይነሳል። ኮምፕሬሽኑንም፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ልክ፣ ወደ 7.8 ለ1 ዝቅ አደረጉት። አቀማመጡን ከነሱ ወሰድኩ። ኮምፕሬሽኑን ለመቀነስ ግን ሞተሩ መከፈት አለበት፤ እኔ ደግሞ ልከፍተው አልፈለግኩም። ስለዚህ የቱርቦውን ግፊት 0.4 ባር ላይ ገደብኩት። ከሁሉ በፊት ሞተሩ አለመድከሙን ለማወቅ የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካሁ። የደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የዘይቱ ነገር ነው። ወደ ቱርቦው የሚገባው የዘይት ቱቦ ቀጭን ነው፤ የሚመለስበት ግን ሰፊ መሆን አለበት፣ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ነው የሚወጣው። በራሱ ክብደት ወርዶ ወደ ሞተሩ እንዲመለስ ደግሞ ቱርቦው ከፍ ማለት አለበት። ሞተር ሳይክል ላይ ያ ቦታ የለም። የኔ ቱርቦ ሞተሩ ውስጥ ካለው የዘይት ከፍታ በታች ስለዋለ ዘይቱን ስቦ የሚመልስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ጨመርኩ። ፓምፑ ከቆመ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ጭሱ ያልፋል። ለዚህ ነው ሞተሩን እንዳስነሳሁ መጀመሪያ ማርሚታውን የማየው። ሰማያዊ ጭስ ካለ የትም አልሄድም።

ነዳጁ ላይ ድርድር የለም። የቤንዚን የተሟላ ቃጠሎ ልክ በክብደት 14.7 አየር ለ1 ነዳጅ ነው። ግፊት ሲኖር ግን ነዳጁ በዛ ብሎ ወደ 12 ለ1 መጠጋት አለበት፤ ካልሆነ ሙቀቱ ፒስተን ይበሳል። የነዳጅ ፓምፑን በሚበልጠው ቀየርኩ። የአየርና ነዳጅ መለኪያውን እጀታው አጠገብ፣ ሳላጎነብስ በማየው ቦታ አሰርኩት። ካንዴላው ቶሎ ሙቀት የሚያስወጣው ዓይነት ሆነ፤ ክፍተቱም ጠበበ። ሙሉ ግፊት ላይ የካንዴላው እሳት ትንሽ እንዲዘገይ አስደረግኩ። ጣሳ ውስጥ እንደተናወጠ ጠጠር ያለ ድምፅ ከሰማሁ ወዲያው የነዳጅ መስጫውን እለቃለሁ። ያ ነዳጁ ያለ አግባብ ሲፈነዳ የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ሞተር ለመጨረስ ይበቃዋል።

ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር በዚህ ግፊት የሚተዉት አሉ። ለአጭር መንገድ ያስኬድ ይሆናል። ረጅም ዳገት ላይ ግን ግፊቱ ለደቂቃዎች አይወርድም፤ የሚገባው አየር እየጋለ ይሄዳል። እኔ አስገብቼዋለሁ፣ የራዲያተሩን ንፋስ እንዳይከልል ወደ ጎን አድርጌ።

አዲሱን ጉልበት መጀመሪያ መሸከም ያቃተው ፍሪሲዮኑ ነው። በመጨረሻው ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው ዙሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ባለበት ነው። ጠንካራ ሞላ ሲገባለት መንሸራተቱ ቆመ። አሁን ማርሽ ሳልቀንስ እቀድማለሁ። ግራ እጄ ግን ከተማ ውስጥ ይደክማል፤ ለጉዞ ሞተር ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ዳገት ከወጣሁ በኋላም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም። ዘይቱ የጋለው ቱርቦ ውስጥ ቆሞ እንዳያርር አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ እተወዋለሁ።