«ጨዋ ሁን፣ እሺ?»

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለገና በሰላም አደረሳችሁ!

ልጅ ሆኜ በበዓል ዘመድ ጥየቃ ስንወጣ እናቴ በር ላይ ታቆመኝና ኮሌታዬን እያስተካከለች «ጨዋ ሁን፣ እሺ?» ትለኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ዶሮው ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይባላል። «በሞቴ» ሲሉ አሁንም እምቢ ነው። የሚበላው በሦስተኛው ነው። አንድ ዓመት ግን የቤቱ እመቤት በመጀመሪያው «በቃኝ» አመኑኝና እንቁላሏን ለአጎቴ ልጅ አወጡለት። እስከ ዛሬ ትታየኛለች። እንቁላሏ ማለቴ ነው።

ይቺ «ጨዋ» የምትባል ቃል ያልዞረችበት የለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ ማለት ወታደር ነበር፤ በየአገሩ እየሰፈረ ዳር የሚጠብቅ የንጉሥ ጦር። ከግዕዙ «ፄዋ»፣ ከምርኮ፣ ጋር የሚያዛምዷትም አሉ። የቤተ ክህነት ሰው «ጨዋ ነው» ካላችሁ ደግሞ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ፊደል ያልቆጠረ፣ ከትምህርቱ የሌለበት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ «የጨዋ ልጅ» አለ፤ አጥንት ቆጠራ።

እኛ ዘንድ ስትደርስ ዝምታ ሆነች። በተለይ ለሴት ልጅ። «ጨዋ ናት» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ፤ ድምጿ አይሰማም፣ ቢበድሏትም አትናገርም ለማለት። ይሄ አይዋጥልኝም። የተበደለ ሰው ቢጮህ ጨዋነቱ የቱ ጋ ነው የሚጎድለው?

እኔ ቃሏን የምሰጠው ለሌላ ሰው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይባል የለ? ሩሯን ሲያባርር ቅልጥሙን በዱላ የተመታውን፣ በሰው ፊት በግጥም የተሰደበውን፣ ከዚያ ቁስሉን እያሻሸ ከመታው ሰው ጋር ጠላ የሚጠጣውን ጌታ አስቡት። መቆጣት ይችላል። ማሰርም ይችላል። ግን ይስቃል። (በማግስቱ ጌታው ያው ጌታ፣ ሎሌውም ያው ሎሌ ነው፤ እሱን አልዘነጋሁትም።)

ዘንድሮ እኛ ቤት ለምትመጡ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዶሮው 12 ብልት ነው፣ እንቁላሉም ቁጥር አለው። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው «በቃኝ» አምናለሁ።

መልካም ገና!