ሚያዝያ 2026

ትናንት ማታ አዲሱን ፓስፖርት ይዤ አዳማ ገባሁ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የተናደድኩት በራሴ ነው።

ታናሽ እህቴ ዱባይ ነው ያለችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። እማዬን ጉልበቷን ስለሚያማት ጉዞው እኔ ላይ ወደቀ። የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል። ቪዛውን ለምትጨርስልኝ ልጅ የፓስፖርቴን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ስድስት ወር አይቀረውም!»

ማብቂያው ሚያዝያ 2026 ይላል። ቁጥሩን ከዚህ በፊት ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ግን 2026 ሲባል ለእኔ ሩቅ ነው፤ እኛ ገና 2018 ላይ ነን። ፈረንጆቹ ዓመቱን ከገቡበት መሰንበታቸውን ማን ልብ አለው? ዱባይ ለመግባት ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ሊቀረው ይገባል። የእኔ የቀረው ሦስት ነው።

ይበልጥ ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። አንድም ማህተም የለባቸውም። በ2013 ለሥራ ውጭ እወጣለሁ ብዬ ያወጣሁት ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ያኔ 600 ብር ነው የከፈልኩት። አምስት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተበላሹ ሪሞቶች ጋር ተኝቶ ዕድሜውን ጨረሰ።

አሁን መደበኛው 5,000 ብር ሆኗል። አስቸኳዩ በአምስት ቀን 20,000፣ በሁለት ቀን 25,000። ስልኬ ላይ ደጋግሜ አሰላሁት። ሦስት ቀን ለማትረፍ የሚጨመረው ብር ብቻውን አንድ መደበኛ ፓስፖርት ያወጣል። አምስት ቀኑን መረጥኩ። ልጁ ከቸኮለ ሁለቱም አያደርሰኝ። ለፍሪጅ ያልኩት የዕቁብ ብር ሄደ።

ፎርሙን ኢንተርኔት ላይ ሞላሁ። የአያቴን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ፊደል ብሳሳት ሌላ ሰው ሆኜ መገኘቴ ነው።

አስቸኳዩን ለማውጣት አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቃሊቲ ስንደርስ ፀሐይ ገና ልትወጣ ትላለች። ከቃሊቲ ጥቁር አንበሳ የፈጀብኝ ጊዜ ግን ከአዳማ ቃሊቲ ከፈጀብኝ ይበልጣል። ስለ ሰልፉ አልጽፍም። ሰልፍ ያው ሰልፍ ነው።

አሻራ ላይ ስደርስ ጣቴ እምቢ አለ። ለእህቴ የሚሄደውን በርበሬ ስቀነጥስ፣ ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ነው የሰነበትኩት። የአውራ ጣቴ ቆዳ ተገሽልጧል። መሣሪያው ላይ ስጫነው ቀይ መብራት። በነጠላዬ ጠርጌ ስጫነው አሁንም ቀይ። ከኋላዬ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ። አሻራ የምትወስደው ልጅ ግን ምንም አልመሰላትም።

«ግንባርሽ ላይ አሺው» አለችኝ።

«ምን?»

«ጣትሽን። ወዝ ሲነካው ያነባል።»

አሸሁት። አነበበ። ፓስፖርቴን በወዜ አወጣሁ ብል ውሸት የለውም።

ፎቶ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በአምስተኛው ቀን ተመልሼ ተቀበልኩ። ማታ ቤት ስገባ እማዬ መነጽሯን አጥልቃ አየችው። ከአሮጌው ጋር እያስተያየች ብዙ ቆየች። አሮጌው ላይ ጸጉሬ ሹሩባ ነው፤ ፈገግ ልል ስል ነው ያነሡኝ።

«ምነው ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው የተነሣሽው?»

«ከጣቴ ጋር» አልኳት። አልገባትም። ሁለቱንም ደርባ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች።

«እማዬ፣ እዚያ አይሆንም!»

አዲሱን ከእጇ ተቀብዬ ሻንጣው ውስጥ፣ ከቅቤው አጠገብ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።