እንኳን አደረሳችሁ፣ ማሽ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙን በደህና ለፈታችሁ፣ ማኅሌት ቆማችሁ አሁን ገና ጋደም ላላችሁ፣ በዓሉን ሥራ ላይ ለምትውሉ፣ ከአገር ርቃችሁ የእናታችሁን ድምፅ በስልክ ለምትሰሙ ሁሉ መልካም ገና ይሁንላችሁ።

እኛ ቤት ዶሮው ደርሷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። እኔ ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። እንደማይጮኽ አውቃለሁ። ባለፉት ሰባት ገናዎች ግን በዚያች ሰዓት ከህንዷ ከተማ ከቤንጋሉሩ ይደወልልኝ ስለነበር እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደዋዩ ማሽ «ሄሎ» አይሉም፣ ስሜንም አይጠሩም። ስልኩን እንዳነሳሁ ጮክ ብለው «እንኳን አደረሳችሁ!» ይላሉ። ለእኔ ለአንዱ።

አማርኛን የተማሩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆመው። በ1960ዎቹ ከህንዷ ኬረላ ግዛት መጥተው ሒሳብ ሲያስተምሩ የያዙት አማርኛ በሙሉ ለብዙ ሰው የሚነገር ነበር። «ቁጭ በሉ።» «ዝም በሉ።» «ገባችሁ?» «ተነሱ።» አባቶቻችን ስለ ህንድ አስተማሪዎቻቸው ሲያወሩ ሰምታችሁ የለ? አንዱ እሳቸው ናቸው። ከአርባ ዓመት በኋላም «አንተ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አትወጣም ነበር። በ2008 ለሁለተኛ ዲግሪ ቤንጋሉሩ ስገባ ሦስት አከራዮች ፊቴን አይተው «ቤቱ ተይዟል» ብለውኛል። እሳቸው ጋ ስደርስ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና በሩን ወለል አድርገው «ግቡ» አሉኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ ብዬ አይቻለሁ።

ሰፈሩ «ማሽ» ይላቸው ነበር፤ በኬረላ ቋንቋ፣ በማላያላም፣ መምህር እንደማለት ነው። ባለቤታቸውን ሁላችንም «አማ» እንላቸዋለን። ማሽ ዘንድሮ፣ እኛ ጾም በገባን በሁለተኛው ሳምንት አረፉ።

ስለ እሳቸው ሳስብ የሚመጣብኝ የ2009 ጾም ነው። ማሽ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ጥቁር ሽርጥ ያገለድማሉ፣ አንገታቸው ላይ መቁጠሪያ ያስራሉ፣ ጢማቸውን ይተዋሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ ጫማ አያደርጉም፣ ከሥጋና ከመጠጥም ይርቃሉ። አርባ አንድ ቀን እንዲህ ይቆዩና ኬረላ ውስጥ፣ የፔሪያር የነብር ጥብቅ ደን ባለበት፣ ሳባሪማላ ወደሚባለው ተራራ በእግራቸው ይወጣሉ። አናቱ ላይ የሂንዱዎቹ አምላክ የአያፓ ቤተ መቅደስ አለ። ብዙ ጊዜ የወጣና ቡድን የሚመራ ሰው «ጉሩስዋሚ» ይባላል። ማሽ ያን ዓመት ሠላሳ አንደኛቸው ነበር።

የእነሱ ጾም ኅዳር 7 ገባ፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጾም ሆነ። ለእነሱ ወተትና ቅቤ ይፈቀዳል፣ ለእኔ ደግሞ አይፈቀድም። አማ ይህን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዛቸው የእኔን ወጥ በኮኮናት ዘይት ለብቻው ይሠሩ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማልቀምስ ስነግራቸው ሳህኔን በሙዝ ቅጠል ከድነው ደረጃው ሥር ያስቀምጡልኝ ጀመር። ከትምህርት ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ።

ወቅቱ ህንድ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የጠፋበት ነበር። ጥቅምት 29 ማታ የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደማይሠሩ መንግሥት አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ባንክ በር ላይ ከጠዋት ተሰልፌ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ማሽ ሁለት ወር ሙሉ የኪራይ ነገር አላነሱብኝም። እንዲያውም አንድ ማታ በሬ ሥር በላስቲክ የታሰሩ የመቶ ሩፒ ኖቶች አገኘሁ። ይዤ ወርጄ «የእርስዎ ነው» ስላቸው፣ ጋዜጣቸውን ሳያስቀምጡ «ዝም በሉ» አሉኝ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ «ትመጣላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ሳባሪማላ የየትኛውም እምነት ሰው የሚገባበት ቦታ ነው፤ ፍርሃቱ የእኔ ነበር። አዲስ አበባ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ከሽማግሌ ጋር መንገድ መሄድ ምን ነውር አለው? ዕቃቸውን ያዝላቸው። ጸሎትህን ግን እዚያም ቢሆን እንዳትተው» አሉኝ። ይህንኑ ለማሽ ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ «ጾምህ የራስህ ነው። እኛ የምንፈልገው እግርህን ነው» ብለው ሳቁ።

የመሄጃችን ዋዜማ ማታ ሳሎኑ ውስጥ ኢሩሙዲ ታሰረ። ሁለት ጓዳ ያለው፣ በራስ ላይ የሚያዝ ከረጢት ነው፤ በፊተኛው መባው፣ በኋለኛው የመንገዱ ስንቅ። ከመባው ዋናው አንድ ኮኮናት ነው። ዓይኑን ይበሱታል፣ ውሃውን ያፈሱታል፣ የቀለጠ ቅቤ ይሞሉትና በቡሽ ይወትፉታል። ተራራው ላይ ይሰበራል፤ ቅቤው በአያፓ ምስል ላይ ይፈስሳል፣ ቅርፊቱ እሳት ውስጥ ይጣላል። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ነበርና ማሽ እጁን በእጃቸው ይዘው ቅቤውን ሲያስሞሉት አጠገባቸው ነበርኩ። ቅርፊቱ ሥጋ ነው አሉት፣ ቅቤው ነፍስ። ልጁ ጠብ እንዳይልበት ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ዘጠኝ ሆነን በአንድ ሚኒባስ ተነሳን። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኤሩሜሊ ላይ ተጓዦቹ የአያፓ ወዳጅ ነበር የሚሉት የሙስሊሙ የቫቫር መስጊድ አለ፤ ሁሉም እዚያ ወርደው ተሳለሙ። ፓምባ ወንዝ ታጥበው፣ ታኅሣሥ 22 ከመንጋቱ በፊት ሽቅቡን ጀመርን። ከወንዙ እስከ አናቱ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ኒሊማላ የሚባለው አቀበት ግን ጉልበት ይፈታል። ማሽ ከፊት «ስዋሚዬ!» ይላሉ፣ ከኋላ «ሻራናም አያፓ!» ይመለሳል፤ ጌታ ሆይ መጠጊያዬ አንተ ነህ ማለት ነው። ያ መንገድ ላይ ሰው ስም የለውም። ፖሊሱም፣ ሀብታሙም፣ የባጃጅ ሹፌሩም «ስዋሚ» ነው፣ ጌታ። እኔንም የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ስዋሚ፣ ትንሽ ጠጋ» አለኝ። ከዓመት በላይ በዚያ አገር ስኖር መንገድ ላይ ቀለሜን ሳይሆን ሰው መሆኔን አይቶ የጠራኝ የመጀመሪያው እንግዳ ሰው እሱ ነው።

አፓቺሜዱ አካባቢ ባዶ እግሬን ስለታም ድንጋይ ቆረጠኝ። ደሙን ሳይ ተዝለፍልፌ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። በዶሊ፣ በቀርከሃ ወንበር ላይ፣ አራት ሰዎች የተሸከሟቸው አሮጊት አጠገቤ ሲያልፉ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። «እናንተ ሂዱ፣ ቁልቁል ስትመለሱ ታገኙኛላችሁ» አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማሽ ከፊት ተመለሱ፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፣ በዚያ ሽቅብ የወጡትን መልሰው ወረዱ። ጎንበስ ብለው እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉት። በደረቅ ዝንጅብል የፈላ ውሃ ለተጓዥ በነፃ ይታደላል፤ ከዚያ ላይ አፍስሰው አጠቡልኝ። ከዚያ የጥቁር ሽርጣቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ቀደዱና ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። የጨርቁ ጠርዝ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ነበረበት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈትሸው ቀና አሉና «ተነሱ» አሉኝ።

ተነሳሁ።

ሳራምኩቲ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሁሉ የእንጨት ፍላጻ ይተክላል። አያፓን ለማግባት የምትጠብቅ አንዲት ሴት አለች ይላሉ፤ አዲስ ተጓዥ ያልመጣበት ዓመት ሲገኝ ሠርጓ ይሆናል። በየዓመቱ መጥታ ፍላጻዎቹን አይታ ትመለሳለች። ልጁ ፍላጻውን ሲተክል ማሽን «ታዝናለች?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ቆይተው «በጣም» አሉት።

የመጨረሻዎቹን አሥራ ስምንት ደረጃዎች የሚወጣው ኢሩሙዲ የተሸከመ ብቻ ነው። እኔ አልተሸከምኩም፤ እታች ቀረሁ። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ሰውን በክንዱ እየሳቡ ያሳልፋሉ። ማሽን ሁለቱ ሲያነሷቸው፣ ከኋላ የተቀደደው ሽርጣቸው ተንጠልጥሎ አየሁት። እዚያው ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ስንመለስ አላፑዣ አቅራቢያ አርቱንካል ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። ብዙ ተጓዦች መቁጠሪያቸውን የሚፈቱት እዚያ፣ የቅዱስ ሴባስቲያን ምስል ባለበት ነው። ማሽ የአንገታቸውን ሲፈቱ እኔ ሻማ አበራሁ። ከሳምንት በኋላ ገና ሆነ፤ እሳቸውና አማ ሰገነት ላይ ወዳለችው ክፍሌ ወጥተው ከጅማው ጓደኛዬ ጋር የሠራነውን ዶሮ በሉ። ማሽ እንጀራውን ሲጠቀልሉ የጎጃም ሰው ይመስሉ ነበር።

አንድ ነገር ደብቄያቸው አላውቅም። ከአሥር እስከ ሃምሳ ዓመት ያለች ሴት ያን ተራራ አትወጣም ነበር፤ አማ ለጾሙ ሁሉ እሳት ዳር ቆመው፣ መጀመሪያ የወጡት ሃምሳ ሁለት ሲሞላቸው ነው። ይህ እንደማይዋጥልኝ ለማሽ ነግሬያቸዋለሁ። በ2011 መስከረም የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን ሲሽረው አገሩ ተረበሸ፤ ማሽ ስልክ ደውለው ረጅም ሰዓት ተከራከርን። አልተስማማንም። በገና ግን ደወሉ።

አሁን ደግሞ ለአንዳንዶቻችሁ አንድ ነገር ልበል። ማረፋቸውን ጽፌ «ነፍስ ይማር» ስል፣ «ለጣዖት አምላኪ እንዲህ ይባላል ወይ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። በዓል ነውና በፍቅር እመልሳለሁ። ይባላል። ቅርፊቱ ኅዳር ላይ ቤንጋሉሩ እሳት ገብቷል፤ ነፍሱን የሰጠ ጌታ እንዲቀበለው ዛሬ ሌሊት ቅዳሴ ላይ ቆሜ ለምኛለሁ፣ ነገም እለምናለሁ። የቆሰለ እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ያጠቡ ሰው ናቸው። ለእናንተም የምመኝላችሁ ገና፣ ስትወድቁ መልሶ የሚወርድላችሁ ሰው ያለበት ገና ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሴ ደወልኩ። አማ አነሱ። እሳቸው አማርኛ የላቸውም፣ የእኔም ማላያላም ከጥቂት ቃል አያልፍም፤ ስሜን ጠርተው ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ስልኩን ልጁ ተቀበላቸው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ወፍሯል። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በዓመቱ ተራራውን ስለማይወጣ ዘንድሮ እንዳልሄዱ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ግን ቡድኑ ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ ከአያቱ የቀሰማትን በአማርኛ ጠየቀኝ፦

«ትመጣላችሁ?»

እመጣለሁ አልኩት።

መልካም በዓል ለአንተ፣ ለሚኒባሱ ሹፌራችን፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፋችንን ጠብቀህ ለነዳህልን። ለጅማው ወንድሜ፣ የማታከብረውን በዓል ሽንኩርት ለከተፍክልኝ። ለንስሐ አባቴ፣ ያን ቀን በስልክ ስላልተቆጡኝ። ለአማም፤ ደረጃው ሥር የተከደነውን ሳህን አልረሳሁትም።