ቄጠማ በራሴ፣ ኪሮሽ በቦርሳዬ

ለክር ብዬ ከተማ አቋርጬ እንደምሄድ የሰማ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ክር እኮ በየሱቁ ሞልቷል!» እውነት ነው፣ ሞልቷል። እኔ ግን የምሄደው ክር አጥቼ አይደለም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ዳንቴል ከእናቴ እግር ሥር ተምሬ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከራሴ በቀር ኪሮሽ የያዘ ሰው ሳላይ ኖርኩ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ ባለው ክፍተት ጭኔ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ ይተኛሉ፣ ስልክ ያያሉ፣ ስለ ደመወዝ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን አንዷ በመስኮት አየችኝና «አንቺ እዚህ ተደብቀሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሜይ ላይ ዌስት ፍሬንድሺፕ አትመጪም?» አለችኝ። የቦታ ስም መሆኑን እንኳ አላወቅሁም ነበር።

ዌስት ፍሬንድሺፕ ከባልቲሞር በስተ ምዕራብ በአውራ ጎዳና 70 ዳር ያለች ትንሽ ሰፈር ናት። የሜሪላንድ የበግና የሱፍ ፌስቲቫል እዚያ፣ በሃዋርድ ካውንቲ የዐውደ ርእይ ሜዳ፣ በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል። የተጀመረው በፈረንጆቹ 1974 ነው፤ የሚያዘጋጁትም የሜሪላንድ በግ አርቢዎች ናቸው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ብቻ መስሎት ነጭ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ሰው ይጸጸታል። በጉ እዚያው በረት ውስጥ አለ። አራት ቀንድ ያለው ጄከብ የሚባል ዝርያ አለ፤ ጸጉሩ እንደ ሹሩባ ተንዠርግጎ የወረደ ሊንከን አለ፤ ሸላቹ በጉን በቂጡ አስቀምጦ ጸጉሩን እንደ ካፖርት አንድ ላይ ሲያወልቅለት ቆሞ የሚያይ ሕዝብ አለ። ከበረቶቹ ቀጥሎ የክር ነጋዴዎቹ ድንኳን ይጀምራል።

እኔ መጀመሪያ የቆምኩት ያልታጠበ ሱፍ በከረጢት የሚሸጥበት ጋ ነው። እጄን ከትቼ ሳወጣ ጣቶቼ ወዙን ይዘው ወጡ። ያ የበግ ቅባት፣ ላኖሊን የሚሉት፣ ሽታው የአያቴን ቤት አመጣብኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ባና ምን እንደሆነ አይጠይቅም። መንዝ ውስጥ ሴቶቹ ሱፉን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ባናው ሲለብሱት ይኮሰኩሳል፣ ሲያድሩበት ግን ብርድ አያሳልፍም። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ሜሪኖ የሚሉት ለስላሳው የበግ ሱፍ ብቻ የሚከበር መስሎኝ ነበር። ኮስኳሳውንም ለምንጣፍ፣ ለቦርሳ፣ ለካፖርት እያሉ በየሥራው ይመድቡታል። አንድ ነጋዴ እንዝርት እየሸጠ ነበር፤ በማሽን ከእንጨት የተጠረበ፣ እንደ ጌጥ የተወለወለ። አንስቼ በጭኔ ላይ እያሾርኩ የእኛ ሴቶች ጥጥ እንዴት እንደሚፈትሉ ሳሳየው ደንበኞቹን ትቶ ወንበር አመጣልኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ተነሣሁ። በዚያ ብር ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰፈር እንዝርት ይዳረሳል።

የ2016ቱን ግን ለብቻው ልናገር። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በፈረንጆቹ ሜይ 5፣ 2024፣ ማለትም የፌስቲቫሉ እሁድ። የቀረኝ ቅዳም ሹር ብቻ ነው። ከስቅለት ማታ ጀምሮ አክፍያለሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ተብሎ ቄጠማችንን ተቀብለን ራሳችን ላይ አሰርን። ዶሮዬ ተገንጥሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሽንኩርቴም ተከትፏል። እስከ ማታው ቅዳሴ ድረስ ሰዓት ነበረኝ፤ ቄጠማዬን ሳልፈታ ወደ ዌስት ፍሬንድሺፕ ነዳሁ።

የበግ ፌስቲቫል ላይ የሚበላው ምንድን ነው? በግ። የበግ ጥብስ፣ የበግ ሳንድዊች፣ ጭሱ ሜዳውን ሙሉ። ሆዴን እየረገምኩ ከጭሱ ሽሽት ወደ ዛፎቹ ስሄድ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። እሷም ባለ አበባ አክሊል አድርጋለች፤ እዚያ ቦታ ራሱ ላይ ምንም ያላደረገ ሰው ጥቂት ነው። «ይህ ከምን ሣር ነው?» አለችኝ። ስለ ኖኅ፣ ስለ ርግቧ፣ ስለ ውኃው መጉደል በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ቄጠማውን በሁለት ጣቷ አሻሸችና «ይፈተላል?» አለችኝ። የዚያ ቦታ ሰዎች እንዲህ ናቸው። የውሻ ጸጉር አሳዩአቸው፣ የግመል፣ የጥንቸል፣ የሙዝ ግንድ፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው።

ዛፍ ሥር ታጣፊ ወንበሬን ዘርግቼ ሥራዬን አወጣሁ። የረከቦት ልብስ ነበር፤ ቁጥር 40 የጥጥ ክር፣ 1 ሚሊ ሜትር የብረት ኪሮሽ። እዚያ ያሉት ኪሮሽ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔ አጠገቡ ሲቀመጥ የልብስ መርፌ ይመስላል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ አጠገቤ ቆሙ። መነጽራቸውን ከራሳቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ፊቱን አላዩም። «ይፈቀዳል?» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ወዲያው ገለበጡት። በጀርባው ክሩ የተቀጠለበትን ፈለጉ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳበሱት፣ ጫፉ የት እንደተሸሸገ አጡት። ከዚያ አንድ ረድፍ እየቆጠሩ ዞሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ ምንም ሳይሉ መለሱልኝና ወንበራቸውን ከእኔ አጠገብ አመጡ። እናቴ ሥራ የምትመረምረው በዚሁ መንገድ ነበር። «ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል» ትል ነበር።

ሴትዮዋ ከፔንሲልቬንያ ነው የመጡት። ያ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚሾለው፣ በመረብ የተከበበው ቅጠል መሳዩ ንድፍ፣ እናቴ ራዲዮናችንን ያለበሰችበት፣ ለእሳቸው የአያታቸው ሥራ ነው። አያታቸው ከክር ፋብሪካ በታተመ ትንሽ መጽሐፍ ነበር የሚሠሩት። እናቴ ደግሞ መጽሐፍ አይታ አታውቅም፤ ጎረቤት ቤት ቡና ስትጠጣ በዓይኗ ቆጥራ መጥታ ሌሊቱን ትሞክረዋለች። እኔም ከወረቀት መሥራት ያስተማሩኝ እዚያ ያገኘኋቸው ሰዎች ናቸው። የጃፓኖቹን የምልክት ሥዕል እመርጣለሁ፤ ትንሿ ክብ ሰንሰለት ናት፣ በአንድ ጭረት የተቆረጠችው መስቀል መሳይ ክሩ አንዴ ተጠምጥሞ የሚሠራው ነው። ቋንቋ አይጠይቅም። የአሜሪካኖቹና የእንግሊዞቹ የጽሑፍ መመሪያ ግን ለአንድ ስም ሁለት የተለያየ አሠራር ስላለው መጀመሪያ የየት ሀገር እንደሆነ ሳታዩ አትጀምሩ፤ ሥራው ይጠብባችኋል ወይም ይሰፋባችኋል።

ሁሉም ፍቅር አይደለም። በክር ሰዎች መካከል የሹራብ መርፌ የያዘ ጌታ ነው፣ ኪሮሽ የያዘ እንግዳ ነው። አንድ ነጋዴ ኪሮሹን ቦርሳዬ ጫፍ ላይ አይቶ፣ በእጅ የተነከረውን ክር ከእጄ በትሕትና ወሰደና «ይህ ለኪሮሽ አይሆንም፣ ይባክናል» አለኝ። ኪሮሽ ክር መብላቱ እውነት ነው። ሆኖም ሹራብ ማሽን ይሠራዋል፤ ገበያ ላይ የምታዩት እውነተኛ ኪሮሽ ግን ዛሬም በሰው እጅ የተሠራ ነው። በአምስት ዶላር የተሰቀለ የኪሮሽ ሸሚዝ ባየሁ ቁጥር የአንዲት ሴት ወገብ ይታየኛል። ለነጋዴው ይህን አልነገርኩትም። ከሚቀጥለው ድንኳን ገዛሁ። የኪሮሽ ሠሪዎች የራሳቸው ማኅበር በአሜሪካ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1994 ነው፤ የሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ጉባኤ አላቸው፤ እዚያ ማንም ለምን ኪሮሽ ብሎ አይጠይቃችሁም። ለሐሳብ ልውውጥና ለትምህርት እሱ ይሻላል። ለመዝናናት ግን በጎቹ።

በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ራይንቤክ አለ፤ የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር የበግና የሱፍ ፌስቲቫል፣ በደችስ ካውንቲ። በባቡር ሄጃለሁ። ከዋሽንግተን ኒውዮርክ፣ እዚያ ተቀይሮ ወደ ሰሜን። በስተ ግራ ተቀመጡ፤ የሃድሰን ወንዝ እስከ ራይንክሊፍ ጣቢያ ድረስ ከመስኮቱ አይለይም፣ በዚያ ወር ደግሞ የማዶው ተራራ ቀይና ብርቱካናማ ነው። ባቡሩ ከኒውዮርክ ሲነሣ ከፊት ለፊቴ ያለችው ሹራብ አወጣች፣ ከጎኗ ያለችውም አወጣች፣ እኔም አወጣሁ፤ ማንም ወዴት ትሄጃለሽ አላለም። ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። ራይንቤክ ውስጥ ያለው ለሚቀጥለው ዓመት ጭምር ተይዞ ያልቃል፤ እኔ ያደርኩት ከወንዙ ማዶ ኪንግስተን ነው።

ራይንቤክ ላይ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሠራውን ሹራብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሶ ይመጣል። ሙቀት ቢሆንም ይለብሳል፤ ላቡን እየጠረገ። ሰልፍ ላይ የማያውቃችሁ ሰው «የሠራሽው አንቺ ነሽ?» ይላችኋል፣ ክንዳችሁን ይዳብሳል፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይጠይቃል። «ሙያ በልብ ነው» ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ፈተና ነው። ሲያመሰግኑኝ «ኧረ ምንም አይደለም፣ ዝም ብሎ ነው» እላለሁ፤ ግራ ይጋባሉ። እናቴ ሙሉ የአልጋ ልብስ ሠርታ እንግዳ ሲያደንቅ ምግቡን ነበር የምታስታውሰው፦ «ብሉ እንጂ!» እኔ አሁን አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ አመሰግናለሁ እልና ዝም እላለሁ። የተጠበሰ አርቲቾክ የሚሸጥበት ሰልፍም አለ፤ ረጅም ነው፣ ቁሙለት።

እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ ነው አንዲት ወጣት መጥታ «ይቅርታ እትዬ፣ ሐበሻ ነዎት?» ያለችኝ። ነገሩን ከረከቦቱ ልብስ ነው ያወቀችው፤ እናቷ ቤት እንደሱ ያለ ነበር። እዚሁ የተወለደች ናት። ትንንሽ የክር አሻንጉሊት፣ ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉትን፣ ከቪዲዮ ተምራ ትሠራለች። ከቦርሳዋ አንድ በግ አወጣች፤ ገለበጥኩት። እጇ ጥብቅ ነው፤ ውስጡ የተሞላው ጥጥ በአንድ ቀዳዳ እንኳ አይታይም። እሷ ያለ ሰንሰለት የሚጀመረውን፣ ስቦ መሐሉን የሚዘጋውን ቀለበት አሳየችኝ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰንሰለት ሠርቼ ክብ እገጥም ነበር። ለአሻንጉሊት የእሷ ይሻላል። ለዳንቴል ግን መሐሉ ላይ ቀዳዳዋ መኖር አለባት ብያታለሁ፣ አሁንም አልተስማማንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንገናኛለን። እናቷም መምጣት ጀምራለች፤ ዳንቴሎቿን ከሻንጣ አውጥታ፣ በስኳር ውኃ አድርቃ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ኪሮሽ በአሜሪካ አውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ረጅም መቀስ ግን አይፈቀድም። የምትገዙትን ሳይሆን የምትሠሩትን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ገበያተኛ ነው፣ ሥራ የያዘ ሰው ግን ወንበር ይሰጠዋል። እሁድ ከሰዓት ሰዉ ይቀላል፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን ምርጡ ክር አለ።

ለሚቀጥለው ራይንቤክ ኪንግስተን ላይ አልጋ ይዘናል፣ በመኪና ነው የምንሄደው፣ አንድ ቦታ ቀርቷል። የጀመረችው ሥራ በእጇ የሌለ አትመጣም፤ መኪናዬ ውስጥም ፖለቲካ አይወራም።