ስድስት ባይት

ዛሬ ውሎዬ ጥሩ አልነበረም። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ቀኑን ሙሉ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ዋለ። ሲመሽ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሰው ሲከፋው ዘፈን ይሰማል፤ እኔ ፋይል እቆርጣለሁ።

ፋይሉ ትልቅ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ብሮውዘሩ ባንዴ እንዳይውጠው በየ65,536 ባይቱ (አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው) እየቆረጥኩ የማነብበት ኮድ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች «አለቀ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ሳየው ግን ጽሑፉ መሃል፣ አልፎ አልፎ፣ ጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠች ነጭ የጥያቄ ምልክት አለች። ያቺን ምልክት ታውቋታላችሁ። «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ነበር፣ ምን እንደነበር ግን አልገባኝም» ማለት ናት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ናት። 65,536 ለ3 ሲካፈል ደግሞ 1 ይተርፋል። ጽሑፉ ክፍት ቦታ እንኳ የሌለው፣ ፊደል ብቻ ቢሆን፣ ቢላዬ የመጨረሻው ፊደል አንገት ላይ ያርፋል። 225 ወዲህ ይቀራል፣ ሁለቱ ባይቶች ወዲያ። እኔ ደግሞ ለየቁራጩ አዲስ ቴክስት ዲኮደር (ባይቱን ወደ ፊደል የሚመልሰውን) እፈጥር ነበር። የፊተኛው ስለኋለኛው አያውቅም። ስለዚህ አንድ ፊደል ይሞትና ሁለት ሦስት አልማዝ ይበቅልበታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንዱን ዲኮደር ይዞ መቀጠልና «ስትሪም» የሚለውን ምርጫ ማብራት። ያኔ ጎደሎዋን ፊደል ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቀጣዩን ቁራጭ ይጠብቃል። ሁለት መስመር ብትነካ ነው።

አልነካኋትም። 225 ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከሀ እስከ ፐ ሁሉም በ225 ይጀምራሉ። ብቻውን ሲገኝ ምርቃት ይሁን ስድብ መጀመሪያው አይታወቅም። በጃቫስክሪፕት አሬይ በፈር የሚሉት ነገርም እንዲሁ ነው። የባይት መደርደሪያ ነው፤ በቀጥታ ግን አይነበብም፣ በላዩ መነጽር ማድረግ አለባችሁ። 0፣ 0፣ 128፣ 63 የሚሉ አራት ባይቶች አሉ እንበል። በፍሎት 32 (የነጥብ ቁጥር) መነጽር ሳያቸው ማሽኔ «1» ይለኛል። በዩኢንት 32 (ሙሉ ቁጥር) ሳያቸው 1,065,353,216 ይሆናሉ። በዳታቪው፣ በሌላው መነጽር፣ ሙሉ ቁጥር አድርጌ ሳነባቸው ደግሞ፣ ካልነገሩት በቀር ከትልቁ ጫፍ ስለሚጀምር (የፊተኛውን ባይት ትልቁ ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጥ)፣ 32,831 ይለኛል። (ይሄ የጫፍ ነገር ስንት ሌሊቴን እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው።) ባይቶቹ ንቅንቅ አላሉም። አንዱም አልዋሸም።

ትናንት ማታ ረጅም ነገር ጻፍኩላት። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ጽፌ፣ አጥፍቼ፣ እንደገና ጽፌ ላክሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልስ መጣ።

«እሺ»።

አዎ፣ ኮንሶል (ኮድ የምሞክርበት መስኮት) ላይ አስገብቼ ባይቶቹን አየሁ። 225፣ 138፣ 165፣ 225፣ 136፣ 186። ስድስት ባይት። ምን እንዳገኝ እንደጠበቅሁ አላውቅም።

የተስማማ ሰው እሺ አለ። «በቃ ዝጋው» የሚል እሺ አለ። «ቆይ ብቻ!» የሚልም አለ። እንቅልፍ እየጣለው ስልኩን ፊቱ ላይ ሊጥል የደረሰ ሰው እሺም አለ። አራቱም ሲጻፉ ያው ስድስት ባይት ናቸው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያለው ሰው በጽሑፍ መልእክት ደርሶት አያውቅም።

ወይስ ጥፋቱ ከእኔ ነው? ዩኢንት 8 አሬይ (በየቦታው አንድ ባይት ብቻ የሚይዝ መደርደሪያ) ውስጥ 300 ብትከቱ 44 ሆኖ ይቀመጣል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። የተረፈው ዝም ብሎ ይፈሳል። እኔም የላክሁት 300 ነበር። ስንቱ እንደደረሰ እንጃ።

ምናልባት መልሱ ገና ግማሽ ይሆናል፤ ቀሪው ነገ ይመጣ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ያው ነው፣ አልቋል። ዲኮደሩ እንኳ ፋይሉ ማለቁን የሚያውቀው ሲነግሩት ነው።

አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አልማዞቹ እዚያው ናቸው። ጠዋት ልጆቹ «ኧረ ይሄን ነገር አስተካክለው» ሲሉኝ የምመልስላቸውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

እሺ።